ጉጉት ገደ ቢስ አይደለችም

  የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ጉጉት ነው። ስሟ ሲጠራ ፊቱን የሚያጨፈግግ፣ የሚያማትብም አድማጭ እንደሚኖር እናውቃለን። ቢሆንም ሬዲዮውን አትዝጉት። ከጎተራችሁና ከማሳችሁ ጋር የሚያያዝ ጉዳይ ነውና አብራችሁን ቆዩ።

አስቀድመን ፍርሃቱን እናንሣ። ጉጉት ጣራ ላይ ወይም ግቢ ውስጥ ካለ ዛፍ ላይ ከጮኸች ከቤቱ ሰው ይሞታል የሚለውን ሳይሰማ ያደገ ሰው በአካባቢያችን፣ በጣና ዙሪያ፣ ጥቂት ነው። ገደ ቢስ ትባላለች፣ አሟራች ትባላለች። ስለዚህ እረኛው በወንጭፍ ይወረውርባታል፤ ጎረምሳው በድንጋይ ያሳድዳታል፤ ጎጆዋ ከተገኘም እንቁላሏ ይሰበራል። ይህን የሚያደርገው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ቤቱንና ልጆቹን የጠበቀ መስሎት ነው።

እስኪ ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። ጉጉት የጮኸችው ዛሬ ብቻ አይደለም። ትናንትም ጮኻለች፣ ከትናንት በስቲያም ጮኻለች። ወንዱ «ይህ ቦታ የእኔ ነው» ለማለት ይጮኻል፤ ሴቷ ትመልስለታለች፤ ጫጩቶቹም ሲርባቸው ያፏጫሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ ተኝተናል። ቤት ውስጥ ሰው በጠና ሲታመም ግን እንቅልፍ የለም። አስታማሚው መብራት አብርቶ፣ የበሽተኛውን ትንፋሽ እያዳመጠ ያነጋል። ያን ጊዜ ሌላ ሌሊት የማይሰማው ድምፅ ሁሉ ይሰማዋል። በሽተኛው ካረፈ «ጉጉቷ ነግራን ነበር» ይባላል። ከዳነ ግን ጩኸቷን የሚያስታውስ አይኖርም። እምነቱ የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ የሞተውን እንቆጥራለን፣ የዳነውን አንቆጥርም።

የሃይማኖት አባቶቻችን እንደሚያውቁት ጉጉት በመዝሙረ ዳዊት ተጠቅሳለች። የተጠቀሰችው ግን ለብቸኝነትና ለኀዘን ምሳሌ ሆና ነው፤ ሞት የማምጣት ሥልጣን አላት የሚል ነገር እዚያ የለም። የጥንት አቴናውያን ደግሞ የጥበብ ምልክት ናት ብለው በብር ገንዘባቸው ላይ ቀርጸዋታል። ወፏ ያችው ወፍ ናት፤ የተለየው የሰው ግምት ነው።

አሁን ወደ ወፏ ራሷ እንምጣ። በቤት ጣራ፣ በቤተ ክርስቲያን ጉልላት ሥርና በፈረሰ ግንብ ውስጥ የምናገኛት ፊቷ ነጭና ልብ የመሰለ ጉጉት አለች። በጨለማ ስትበር ሆዷና የክንፏ ሥር ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ብዙ ሰው መንፈስ ያየ ይመስለዋል። በረራዋም ድምፅ የለውም። የክንፏ የፊት ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቀ፣ የኋላው ጫፍ ዘርዛራ፣ ላዩ ለስላሳ ነው፤ ክንፏ አየሩን ሲቀዝፍ ድምፁ እዚያው ይሞታል። አይጡ መምጣቷን አይሰማም። እሷ ግን አይጡን ትሰማዋለች።

የጉጉት ጆሮ በጣም የሚያስደንቅ ፍጥረት ነው። ፊቷ ላይ ያለው የላባ ሳሕን ድምፅ የሚሰበስብ ነው። ከሳሕኑ ጀርባ ሁለት የጆሮ ቀዳዳዎች አሉ፤ በዚች በነጭ ፊቷ ጉጉት አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ነው። ከሥር የመጣ ድምፅና ከላይ የመጣ ድምፅ በሁለቱ ጆሮዎች እኩል ስለማይሰማ፣ አይጡ ያለበትን ቦታ በግራ ቀኝ ብቻ ሳይሆን በከፍታና በዝቅታም ትለየዋለች። ሮጀር ፔይን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ተመራማሪ፣ በኋላ በዓሣ ነባሪዎች ዝማሬ ጥናት ስሙ የገነነው፣ ይህን በሙከራ አሳይቷል። ጭልጥ ባለ ጨለማ ክፍል ወለል ላይ ደረቅ ቅጠል በትኖ አይጥ ለቀቀ። ጉጉቷ ምንም ሳታይ አይጡን ያዘችው። ቀጥሎ የተጨማደደ ወረቀት ከአይጡ ጅራት ጋር አሰረ፤ አይጡ ሲሮጥ የሚንኮሻኮሸው ወረቀቱ ሆነ። ጉጉቷ አይጡን ትታ ወረቀቱን ያዘች። የምታድነው በጆሮዋ እንደሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ዓይኗ ትልቅ ቢሆንም በጉድጓዱ ውስጥ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ አንገቷን ታዞራለች፤ እስከ 270 ዲግሪ። «አንገቷን ሙሉ ለሙሉ ታዞራለች፣ ሰይጣን አለባት» የሚባለው ከዚህ የመጣ ይመስለናል። የምትውጠውን አይጥ ፀጉርና አጥንት ደግሞ አትፈጨውም፤ እንክብል አድርጋ መልሳ ትተፋዋለች። ከዛፍ ሥር ወይም ከቤት ጥግ እንዲህ ያለ ግራጫ እንክብል ያገኘ ተማሪ ፈርፍሮ ቢያየው የአይጥ ቅልና መንጋጋ ያገኛል። በትምህርት ቤቶቻችን የሥነ ሕይወት መምህራን ይህን ለተማሪዎቻቸው ቢያሳዩ ምንም ወጪ የሌለው ቤተ ሙከራ ነው።

አይጥ በገበሬው ላይ የሚያደርሰውን ለዚህ አካባቢ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከዘር ጀምሮ ይበላል፣ እሸቱን ይበላል፣ ክምሩ ውስጥ ይዋለዳል፣ መጨረሻ ጎታ ገብቶ የተረፈውን ይበላል፤ ከበላው ይልቅ በሽንቱና በኩሱ ያበላሸው ይብሳል። አንድ ጥንድ ጉጉት ከነጫጩቶቿ በዓመት ከሺህ በላይ አይጥ ታነሣለች። ይህን አውቀው የተጠቀሙበት አሉ። በእስራኤል ዮርዳኖስ ሸለቆ፣ ሥዴ ኤልያሁ በተባለች የገበሬዎች መንደር፣ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አንሥቶ በየማሳው የእንጨት ሳጥን በረጅም ቋሚ ላይ እየተተከለ ጉጉት እንድትፈለፍልበት ተደረገ። ሐሳቡን የገፉበት ዮሲ ሌሼም የተባሉ የወፍ ተመራማሪ ናቸው። የአይጥ መርዝ ቀነሰ። በኋላም የዮርዳኖስና የፍልስጥኤም ገበሬዎች ሥራውን ተቀላቀሉ። ጉጉት ገደ ቢስ ናት የሚለው እምነት በእነሱም ዘንድ ነበረ፤ የሃይማኖት መሪዎችን ጭምር እያማከሩ ነው ሰዉን ያሳመኑት። በማሌዥያ የዘንባባ ዘይት እርሻዎችም ተመሳሳይ ሥራ ተሠርቷል።

አድማጮቻችን፣ አገራችን ውስጥ ያለችው ጉጉት ግን አንድ ዓይነት ብቻ አይደለችም። ይህን ለማየት አብረን ከላይ ወደ ታች እንውረድ። የጉማራ ወንዝ ከጉና ተራራ ይነሣል፤ ደራን ይዞ፣ በወንዛዬ ፍል ውሃ አካባቢ አልፎ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ ይዘረጋና ጣና ይገባል። በዚህ በአንድ ወንዝ ተፋሰስ ውስጥ የጉጉት መኖሪያ የሚሆኑ ሦስት ዓይነት አገሮች አሉ፤ ከፍተኛው ደጋ፣ ያረጁ ዛፎች ያሉበት መካከለኛው አገር፣ እና ሣራማው ረግረግ።

በደጋው እንጀምር። ሳይንስ በአገራችን ስም የጠራት ጉጉት አለች፤ አሲዮ አቢሲኒከስ። ገሪን ሜንቪል የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1843 ለዓለም አሳወቃት። ቡናማ፣ ቁመቷ ከ40 ሳንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ፣ ዓይኗ ብርቱካናማ፣ አናቷ ላይ ሁለት ቀጥ ያሉ የላባ ጆሮዎች ያሏት ናት። ከኢትዮጵያ ተራሮች ሌላ እንደ ኬንያ ተራራና ሩዌንዞሪ ባሉ ጥቂት ከፍተኛ ቦታዎችም ትገኛለች። ጥድና ኮሶ፣ አስታም ትወዳለች። ቀን ላይ ከግንድ ተጣብቃ፣ ቀጥ ብላ ስለምትቆም አጠገቧ ያለፈ ሰው እንኳ አያያትም። የውጭ አገር ወፍ ተመልካቾች እሷን ፍለጋ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ ዲንሾ ድረስ ይሄዳሉ። በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወገን ገና አልተመደበችም። ይህ ግን ሊያዘናጋን አይገባም። ብዙ አትታይም፣ የምትኖረውም እንደ ደሴት በተበታተኑ ከፍተኛ ቦታዎች ነው። እርሻው በየዓመቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጉና ላይም፣ ጮቄ ላይም አስታው ለማገዶና ለከሰል እየተመነጠረ ወደ ጫፍ ተገፍቷል። ተራራ ላይ ያለ ፍጥረት ደግሞ ከጫፉ በላይ የሚሸሽበት ቦታ የለውም።

ወደ መካከለኛው አገር ስንወርድ ሾላና ዋርካ፣ ዋንዛና ወይራ እናገኛለን፤ ወይም እናገኝ ነበር። ዛፍ ላይ የምትኖር ጉጉት ጎጆ አትሠራም። ውስጡ የተቦረቦረ ያረጀ ግንድ ትፈልጋለች፤ ካጣች ሌላ ወፍ የተወው ጎጆ ትገባለች። በጣና ዳር ዛፎች ላይ ያን ትልቅ የጭራሮ ክምር የሚመስል ጎጆ የምትሠራውን ቡናማ የውኃ ወፍ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ ጎጆዋን ስትለቅ ጉጉት ትወርሰዋለች። ከአፍሪካ ጉጉቶች ሁሉ ግዙፏ፣ የዓይኗ ቆብ ሮዝ የሆነው፣ ክብደቷ እስከ 3 ኪሎ የሚደርሰው፣ እንዲህ ባሉ ትልልቅ ዛፎች ላይ የምትኖር ናት። ባሕር ዛፍ ይህን አይተካም። በሰባት በስምንት ዓመቱ የሚቆረጥ ዛፍ ግንዱ ለመቦርቦር ዕድሜ አያገኝም። ጫትም አይተካውም። በጣና ዳርቻ ጫት ገንዘብ ስለሚያመጣ ነባሩ ዛፍ እየተነሣለት ነው። ገበሬውን ልንወቅስ አንችልም፤ ልጆቹን ማብላት አለበት። ግን የሚነቀለው ዛፍ መቶ ዓመት የፈጀ መሆኑን አብሮ ማሰብ ተገቢ ነው።

ያረጁ ዛፎች በብዛት የቀሩት በቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። በደቡብ ጎንደር ከአየር ላይ ሲታይ አገሩ ቡናማ ማሳ ሆኖ፣ በመካከሉ ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበታል፤ በእያንዳንዱ መካከል ቤተ መቅደስ አለ። የባሕር ዳሩ የደን ሳይንቲስት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እነዚህን ደኖች ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ላውማንና ከካህናቱ ጋር በመሆን በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ካቡ የሚሠራው ከገበሬው ማሳ በሚለቀም ድንጋይ ነው፤ ማሳው ይጸዳል፣ ከብት ደን ውስጥ አይገባም፣ ችግኙም ሳይረገጥ ያድጋል። ዘጌ ላይም የአባቶች ሥርዓት አለ፤ በበሬ አይታረስም፣ ከብት አይረባም። ደኑ ከነቡናው እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ነው። ሆኖም የዘጌ እንጨት በታንኳ ባሕር ዳር ገበያ መግባቱ የቆየ ጉዳይ ነው፤ የከተማው ማገዶ ፍላጎት በጨመረ ቁጥር ያም ሥርዓት ይፈተናል። ብዙዎቹ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ጥቂት ሄክታር ብቻ ናቸው፤ ለአንድ ጥንድ ትልቅ ጉጉት እንኳ ይጠባሉ። በደኖቹ መካከል በየድንበሩ የቆሙት ነጠላ ዛፎች ስለዚህ ነው ዋጋቸው የበዛው።

ታች ሜዳው ላይ ደግሞ በመሬት የምትፈለፍል ጉጉት አለች። የረግረግ ጉጉት እንበላት። ቡናማ ናት፣ ዓይኗ ጥቁር ነው፤ የላባ ጆሮዋ ከማነሱ የተነሣ አይታይም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀምራ ሣሩ ላይ ዝቅ ብላ ትበራለች። ረጅም ሣር መካከል እንቁላሏን ትጥላለች፤ ሣሩን ከላይ ስባ ጣራ ታደርገዋለች። ጠላት ሲቀርብ ክንፏ እንደተሰበረ ሆና እየተንፈራገጠች ከጎጆዋ ታርቀዋለች። ጫጩቶቿ መብረር ሳይችሉ ከጎጆ ወጥተው ሣር ውስጥ ይበተናሉ። እንግዲህ ሣሩ በእሳት ሲቃጠል ወይም ከሥሩ ሲጋጥ ምን እንደሚሆኑ መገመት አያዳግትም። በምሥራቅ የፎገራ፣ በሰሜን የደምቢያ ሜዳ ለእንዲህ ያሉ የሣርና የረግረግ ወፎች የተፈጠሩ ነበሩ። በደርግ ዘመን ፎገራ ላይ የተጀመረው የሩዝ እርሻ ዛሬ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል፤ ይህ መልካም ነገር ነው። ረግረጉ ግን በዚያው ልክ ጠቧል። ደንገሉ ሳስቷል፤ ከእሱ ታንኳ የሚሠሩት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችንም ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጣና ላይ የታየው የእምቦጭ አረምም የቀረውን ዳርቻ ወሮታል።

ስለ መርዝ ጥቂት ማለት አለብን። ከገበያ የሚገዛው የአይጥ መርዝ ብዙ ዓይነት ነው። አንዳንዱ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው፤ የበላው አይጥ ወዲያው አይሞትም፣ ለቀናት እየደከመ ይንገላወዳል። ጉጉት ደግሞ የምትይዘው ፈጥኖ የማያመልጣትን ነው። ሁለት ሦስት እንዲህ ያለ አይጥ ስትበላ መርዙ ጉበቷ ውስጥ ይከማቻል፤ ውስጥ ውስጡን ደም ይፈሳትና ትሞታለች። ያን የተመረዘ አይጥ የቤት ድመትም ትበላዋለች። ጉጉቷም ድመቷም ሞተው፣ አይጡ ከጥቂት ወራት በኋላ ተራብቶ ሲመለስ የሚይዘው የለም። አይጥ በዓመት ደጋግሞ፣ በርከት አድርጎ ይወልዳል፤ ጉጉት ግን በአንድ ወቅት ጥቂት እንቁላል ጥላ፣ አንድ ወር ያህል ታቅፋ፣ ከዚያም ወራት መግባ ነው ጫጩት የምታደርሰው። በመርዝ የሚጠቀመው ማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ሕግስ የለም ወይ? አለ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 የዱር እንስሳትን ንግድ የሚቆጣጠረውን ሳይቴስ የተባለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት ተቀብላለች፤ በዚያ ስምምነት የጉጉት ዝርያዎች በሙሉ ንግዳቸው ቁጥጥር ይደረግበታል። በአገር ውስጥም የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ ጥፋተኛውን በገንዘብና በእስራት ይቀጣል። የጣና ሐይቅና ዙሪያው ደግሞ፣ ወደ 700 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ መሬት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። ሕግ ብቻውን ግን አይበቃም። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ደኖች የምትኖር አንዲት ነጠብጣባም ጉጉት አለች፤ የምትኖረው በአብዛኛው ባረጀ ደን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 በሕግ ተጠበቀች፤ በእሷ ምክንያት የእንጨት ቆረጣው ጉዳይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጥበቃው ሲመጣ ግን አብዛኛው አሮጌ ደን ተቆርጦ አልቆ ነበር፤ በዚህ ላይ ከምሥራቅ የመጣ ሌላ ጠንካራ ጉጉት ቦታዋን ቀማት። ቁጥሯ እስከ ዛሬ ማሽቆልቆሉን አልተወም። ያ ሁሉ ገንዘብና ዳኛ ያለው አገር ያረጀ ዛፍን መልሶ መሥራት አልቻለም። እኛም አንችልም።

ስለዚህ ልመናችን ይህ ነው። እናንተ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ በደናችሁ ውስጥ የደረቀ ወይም የተቦረቦረ ዛፍ ሲኖር ለማገዶ ከመቁረጣችሁ በፊት ውስጡን እዩ። ጉልላቱ ሲታደስም ጫጩት ካለ ሥራውን እስኪበርሩ ድረስ አቆዩት፤ ሁለት ወር ገደማ ነው። እናንተ አርሶ አደሮች፣ ድንበር ላይ ያለችውን አንዲት ዋንዛ ወይም ሾላ ተዉአት፤ ሣር ከማቃጠላችሁ በፊት በሜዳው ውስጥ ተመላልሳችሁ የሚነሣ ወፍ መኖሩን እዩ። መርዝ ከማስቀመጣችሁ በፊት ወጥመድ ሞክሩ፤ ጎታውን ከመሬት ከፍ አድርጉ፤ በመርዝ የሞተ አይጥ ካገኛችሁ በእጅ ሳትነኩ ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩ። ወላጆችና መምህራን፣ ልጆቹ ወንጭፉን ከጉጉት ላይ እንዲያነሡ ንገሯቸው። የተጎዳች ጉጉት ያገኘ ሰው በጨርቅ ሸፍኖ፣ ጨለማ ካርቶን ውስጥ አስቀምጦ፣ ውኃ በአፏ ሳያፈስስባት፣ በወረዳው ላለው የእንስሳት ሐኪም ወይም የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ያድርስ። ዛሬ ሌሊት ጣራችሁ ላይ ብትጮህም አትውጡባት፤ አይጥ የምታድንላችሁ ናት።